በሩን የሚያይ አንድ ካሜራ፣ ጣሪያ ላይ ከተሰቀሉ ስምንት ይሻላል

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ አያት አካባቢ በግቢ ቤት ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር ትኖራለች። ዕድሜዋ 71 ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ባሉት ሰርቪስ ክፍሎች ሁለት ተከራዮች አሉ። ባለፈው ወር ሌሊት አጥር ዘለው ገብተው የመኪናዋን ሁለቱንም ስፖኪዮና የውሃ ፓምፑን ወሰዱባት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ማንም በር ባንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

ቴክኒሻን ጠርቼ ስምንት ካሜራ የሚል ፕሮፎርማ ሰጠኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ገንዘብሽን አታባክኚ፤ እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን በባትሪ የሚሠራ የዋይፋይ ካሜራ ሦስት ገዝቼ በሰው እልክልሻለሁ» ይለኛል። እኔ ተከራይቼ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለራሴም አንድ እፈልጋለሁ። ለገጣፎ ደግሞ መብራት ያልገባለት ጅምር ቤት አለን፤ ብረትና ቆርቆሮ ተቀምጦበታል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ካሜራ ብገዛ ይሻላል? ሌላው ደግሞ፣ ሠራተኛዋ ሳታውቅ ሳሎንና ማድ ቤት ውስጥ ብናስገጥምስ? ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኛል።

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን ክፉ አልነካቸው። ስፖኪዮውም ፓምፑም ይተካል። እኔን ያሳሰበኝ «ማንም በር ባንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች» ያልሽው ነው። ቴክኒሻኑም ወንድምሽም ይህን የሰሙ አይመስለኝም። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሌሊት ሌባ ነው። እናትሽን ቀን በቀን የሚያስጨንቃቸው ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ለእናትሽ መጀመሪያ የሚገዛው ቪዲዮ ኢንተርኮም ነው። ውጭ በሩ ላይ ካሜራ ያለው ደወል፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ የታብሌት ያህል ስክሪን ያለው ዕቃ ማለቴ ነው። ሰው ደወሉን ሲጫን ስክሪኑ ይበራል። እናትሽ ፊቱን ያያሉ፣ «ማነው?» ብለው ያነጋግሩታል፣ ከፈለጉ ያስከፍታሉ፣ ካልፈለጉ ይተውታል። በሽቦ የሚገናኘው ዓይነት ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስልክ መነካካትም የለበትም። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልሽ። አንዲት የ71 ዓመት እናት በር በተንኳኳ ቁጥር አፕ ከፍተው፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቀው እንግዳቸውን እንዲለዩ መጠበቅ አይገባም። የደወሉ ካሜራ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከላዩም ዝናብ የሚከልል ክዳን ይኑረው።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ቴክኒሻኑን ስምንቱ ካሜራ የት የት እንደሚሰቀል ጠይቂው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የታወቀ ነው፦ አራቱ ቤቱ ማዕዘን ላይ ከጣሪያው ሥር፣ የቀሩት አጥሩ ላይ። ይህ ግቢውን በሙሉ ያሳያል። ሰውየውን ግን አያሳይም። አራትና አምስት ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚቀርጸው ኮፍያና ትከሻ ነው። የተሰረቀ ሰው ቪዲዮውን በስልኩ ሲያሳይ አይተሽ ይሆናል። ሌባው ይገባል፣ ይዞ ይወጣል፣ ፊቱ ግን የለም።

በቁጥርም እንየው። ዓለም አቀፉ የደህንነት ካሜራ ደረጃ የማናውቀውን ሰው ማንነት ለመለየት፣ ሰውየው በቆመበት ቦታ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ያስፈልጋል ይላል። ገበያው ላይ በብዛት ያለው 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ የምስሉ ስፋት 1920 ፒክስል ነው። 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲገጠምለት ከ100 ዲግሪ በላይ ሰፊ ቦታ ያያል። ፊት ለይቶ የሚያሳየው ግን እስከ 3 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። 4 ሜጋ ፒክስል ሲሆን ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። አስቀድመሽ የምታውቂውን ሰው ከዚህ እጥፍ ርቀት ላይ ትለዪው ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲርቅ «ሰው ገባ» ከማለት አታልፊም። ይህ ሁሉ በቂ ብርሃን ሲኖር ነው፤ ሌሊት ደግሞ ይቀንሳል።

ስለዚህ ካሜራው ሌባው የግድ በሚቀርብበት ቦታ፣ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት እንዲህ ያሉ ቦታዎች አራት ናቸው። አንዱ ትንሿ የእግረኛ በር ናት፤ ከውስጥ ሆኖ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ፊት ለፊት የሚያያት ካሜራ። ሁለተኛው መኪናው ነው። ሌቦቹ አጥር ዘለው ስለገቡ የበሩ ካሜራ ላያገኛቸው ይችላል። ስፖኪዮ ለመንቀል ግን መኪናው አጠገብ መቆም ግድ ነው። ሦስተኛው ፓምፑና ታንከሩ ያሉበት ነው። አራተኛው የዋናው ቤት መግቢያ፣ በረንዳው። በቃ። አራቱን ጥሩ አድርገሽ አስገጥሚ፤ ከቀሩት አራቱ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ኋላ ለምነግርሽ ለኬብሉ፣ ለሃርድ ዲስኩና ለባትሪው ይዋል።

የእግረኛዋ በር ካሜራ አንድ ነገር ይፈልጋል። ቀን ላይ በሩ ሲከፈት የመንገዱ ብርሃን ከሰውየው ጀርባ ስለሚመጣ ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው ደብልዩ ዲ አር የሚባለው ነው። የካሜራው ዝርዝር ላይ «120 ዲቢ» የሚል መኖሩን እይ። «ዲጂታል ደብልዩ ዲ አር» የሚለው በሶፍትዌር ምስሉን የሚያነጣ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ቦታ አይበቃም።

የሌሊት እይታም የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራው በጨለማ የሚያየው በዓይናችን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ከጣሪያው ክፈፍ ወይም ከነጭ ግድግዳ ጋር አጣብቀው ሲሰቅሉት ብርሃኑ ተመልሶ ሌንሱ ላይ ያበራና ምስሉ ወተት ይመስላል። ሸረሪትም ይህን ቦታ ትወደዋለች። ድሯ በነፋስ በተነቃነቀ ቁጥር ስልክሽ «እንቅስቃሴ ታይቷል» እያለ ሲጮህ ያድራል። በወር አንዴ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። በተረፈ መኪናው ጋ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ አምፖል አስገጥሚ። ዋጋው ከካሜራው ጋር አይወዳደርም። ሌባ ድንገት የሚበራ መብራት አይወድም፤ ካሜራውም ፊቱን በቀለም ይይዘዋል። አምስተኛ ካሜራ ከሚገዛ ይህን እመርጣለሁ።

ወንድምሽ ዋይፋይ ይበቃል ይላል። ሜሪላንድ የእንጨትና የጂፕሰም ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ይበቃ ይሆናል። እናትሽ ቤት ግን ራውተሩ ሳሎን ነው፤ ከሳሎኑ እስከ በሩ የብሎኬት ግድግዳ አለ፣ ሰፊ ግቢ አለ፣ በሩ ራሱ ላሜራ ነው። ሲግናሉ እዚያ ሲደርስ ይደክማል። ካሜራው አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይጠፋል፤ የጠፋበት ሰዓት ደግሞ የምትፈልጊው ሰዓት ይሆናል። ለቋሚ የግቢ ቤት ኬብል የመሰለ ነገር የለም። ፒኦኢ የሚባለውን ጠይቂ። በአንድ የኔትወርክ ኬብል ምስሉም ኃይሉም አብሮ ይሄዳል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። እያንዳንዱ ካሜራ ሥር ሶኬት መፈለግ ይቀራል፤ ክረምት ዝናብ ላይ ከማከፋፈያ የተንጠለጠለ አዳፕተር ማየትም ይቀራል።

ፕሮፎርማው ላይ መቅጃው፣ ማለትም የካሜራዎቹ ምስል የሚጠራቀምበት ሳጥን፣ «ዲቪአር» የሚል ከሆነ የቀረበልሽ የአናሎግ ሲስተም ነው። መጥፎ አይደለም፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። «ኤንቪአር» የሚል ከሆነ ግን ከላይ ያልኩሽ የኔትወርክ ሲስተም ነው። አዲስ የሚዘረጋ ከሆነ እኔ ኤንቪአሩን እመርጣለሁ።

ኬብሉን ደግሞ በእጅሽ ይዘሽ እይው። ገበያ ላይ መዳብ የሚመስል፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ኬብል አለ፤ ከላይ በመዳብ ተለብጧል። ጫፉን ልጠሽ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቂያት። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ብርማ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ኃይል በመንገድ ይበላል። ረጅም ርቀት ላይ ያለው ካሜራ ሌሊት ኢንፍራሬዱን ሲያበራ ኃይል ያንሰውና ይጠፋል። ቴክኒሻኑ «ካሜራው ነው የተበላሸው» ይልሻል፤ ሌላ ትገዢያለሽ፤ እሱም ይጠፋል። ኬብሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ መገናኛው ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይሁን።

አሁን መብራት ሲጠፋስ? ሌባ ጨለማን ይጠብቃል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ካሜራሽም አብሮ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው። ፍጆታውን እንደምረው። አራት ካሜራ በአማካይ አምስት አምስት ዋት፣ መቅጃው ከነዲስኩ 15 ዋት ገደማ፣ ራውተሩ 10 ዋት ገደማ ቢሆኑ ጠቅላላው 45 ዋት ነው። መብራት ሲጠፋ በምትተካው በትንሿ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሙሉ ኃይሉ 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ አንድ ሰዓት ገደማ ያቆይሻል። ባትሪው ሲያረጅ ከዚያም ያንሳል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያድር ከፈለግሽ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ያስፈልጋል። ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚበት እንኳ አሥር ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ራውተሩን አትርሺው፤ ካሜራው በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ይቀረጻል እንጂ ለማንም መልእክት አይደርስም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዘልም ሁሉም ከስታቢላይዘር ሥር ይሁን።

ስለ ሃርድ ዲስክ ፕሮፎርማው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጽፈው። አንድ 4 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ከላከ በቀን 43 ጊጋ ባይት ይሞላል። አራቱ በቀን 170 ጊጋ ባይት ያልፋሉ። 1 ቴራ ባይት ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ ሳይሞላ ከፊቱ ላይ መደምሰስ ይጀምራል። እናትሽ ለሳምንት ክፍለ ሀገር ሄደው ሲመለሱ የጠፋ ዕቃ ቢያዩ ቪዲዮው የለም። 2 ቴራ ባይት ውሰጂ፣ ቅጃውንም ኤች 265 በሚባለው መንገድ ያድርጉልሽ፤ ቦታውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ዲስኩም 24 ሰዓት እንዲጽፍ ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ይሁን፤ የኮምፒውተሩ ዓይነት ለዚህ ሥራ ቶሎ ይደክማል። መቅጃውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አታስቀምጪው። ቤት የገባ ሌባ መጀመሪያ የሚነቅለው እሱን ነው። የሚቆለፍና አየር የሚያገኝ ቁም ሣጥን ፈልጊለት።

አሁን ስለ ወንድምሽ። ሀሳቡ የመልካም ወንድም ነው፤ ዕቃው ግን ለዚህ ግቢ አልተሠራም። በባትሪ የሚሠሩት ካሜራዎች ኃይል ለመቆጠብ ተኝተው ይውላሉ። የሰው ሙቀት ሲያልፍ ይነቃሉ፣ አጭር ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ስፖኪዮ ነቅሎ መሄድ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በዚያ ላይ አብዛኞቹ ቪዲዮውን በኢንተርኔት ልከው የሚያስቀምጡት ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ጋ ነው። ለምሳሌ ሪንግ የተባለው የአሜሪካ ካሜራ ወርሃዊ ክፍያ ካልተከፈለው በቀጥታ ያሳይሻል እንጂ የቀረጸውን አያስቀምጥልሽም። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሌሊት ደግሞ ምንም አይኖርም። ከወሰነና ከላከም ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ይሁን፣ አዳፕተሩ ላይ «100-240 ቮልት» የሚል መጻፉን ይይ፤ 120 ብቻ የሚለው እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ለብቻው የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ እንደማይፈቀድም ለመልእክተኛው ይንገሩት።

ወንድምሽ ግን ከካሜራ የበለጠ ሊሰጥ የሚችለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። እናንተ ስትተኙ እሱ ነቅቷል። የሌሊቱ መልእክት ወደ እሱ ስልክ ይሂድ፤ አንቺም እናትሽም ተኙ። ሰው ካየ ለማን እንደሚደውል ግን ዛሬውኑ ተስማሙ፦ ለተከራዮቹ ነው? ለሰፈሩ ጥበቃ ነው? ለአንቺ ነው? ቅደም ተከተሉ ይጻፍ። ለእናትሽ መጀመሪያ አይደወል፤ ደንግጠው በጨለማ እንዲወጡ አንፈልግም። መልእክቱም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻ፣ ሰው ሲያይ ብቻ እንዲመጣ ይስተካከል። ድመት ባለፈ ቁጥር የሚጮህ ስልክ በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል።

የቤቱን በር ስታስጠብቂ የፓስወርዱን በር አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ፣ በእነሱ አማካይነት ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት እንዲቋረጡ አድርጓል። ባለቤቶቹ ምንም አላወቁም። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ሪንግን ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ አድርጓል ሲል ከሶት፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እኛ አገር ግን የበለጠ የማየው አደጋ ቀላሉ ነው። ቴክኒሻኑ ሲስተሙን በራሱ ስልክና በራሱ አካውንት ይከፍተውና «ለጥገና ይመቸኛል» ብሎ እዚያው ይተወዋል። የእናትሽን ቤት ሌላ ሰው በኪሱ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። አካውንቱ በአንቺ ስልክ፣ በአንቺ ኢሜይል ይከፈት። ዋናውን ፓስወርድ አንቺ ጻፊ። ካሜራው ጀርባ ያለውን ኪው አር ኮድ ፎቶ አንስተሽ ለማንም አትላኪ።

ወደ አንቺ ቤት እንሂድ። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው ነገር አጭር ነው። ተከራይ ስለሆንሽ ግድግዳ ከመብሳትሽ በፊት አከራይሽን አስፈቅጂ። ኮሪደሩ የጋራ ነው። በርሽ ላይ የሚሰቀል ካሜራ የጎረቤትሽን በር ቀንና ሌት የሚያይ ከሆነ ነገ ጠብ ነው። አንድ ትንሽ የቤት ውስጥ የዋይፋይ ካሜራ ግዢ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው፣ የራስሽን በር ከውስጥ ይይ። ራውተርሽ ሩቅ ስላልሆነ ዋይፋዩ ችግር የለውም። ካሜራው የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ሄርትዝ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ራውተሩ ያ መስመር ይከፈትለት። ሚሞሪ ካርዱ ለተከታታይ ቅጃ የተሠራው ይሁን። አስመስለው የተሠሩ ካርዶች ስላሉ፣ 128 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልሽን እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጠሽበት መልሶ መከፈቱን ሞክሪ። አንቺ ቤት ስትገቢ ሌንሱ እንዲዘጋ የሚያደርግ ሞዴል ካገኘሽ እሱን ውሰጂ።

ለገጣፎ ሌላ ታሪክ ነው። መብራት የለም፣ ዋይፋይ የለም፣ ሰው የለም። እዚያ የሚያዋጣው ሲም ካርድ የሚቀበል የ4ጂ ካሜራ ከሶላር ጋር ነው። ግን ቸኩለሽ እንዳትገዢው። ሲም ካርዶችሽን ይዘሽ ሂጂና ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ላይ ሆነሽ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ኔትወርክ በስልክሽ ሞክሪ። ቪዲዮ ደውለሽ ካልተቆራረጠ ያኛው ይግባ። ይህን ካሜራ ከአሜሪካ አታስመጪው፤ እዚያ ለሚሠራው ኔትወርክ ብቻ ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። የሲሙን ፒን ቁጥር አጥፊው፤ ካሜራ ፒን አያስገባም። ጥቅሉ ሲያልቅ ካሜራውም ዝም ስለሚል የሚታደስበትን ቀን ያዢ። ቀጥታ ሥርጭት ከፍተሽ አትተዪው፤ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይበላል።

ሶላሩ ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይሁን፤ አቧራና ዝናብ እንዲንሸራተትበት ዘንበል ይበል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲበረታ ትንሿ ፓነል አትበቃም፤ ከፍ ያለውን ምረጪ። ካሜራው ራሱ እንዳይሰረቅ መሰላል በማይደርስበት እንጨት ወይም ብረት ላይ ይውጣ። እዚህ ፊት የሚለይ ምስል አትጠብቂ። እዚህ የሚያስፈልግሽ ቶሎ ማወቅ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ ማጉያና ደማቅ መብራት ያለው ይሁን፤ «ማነህ አንተ፣ እያየሁህ ነው» ብለሽ በስልክሽ ልትጮኺበት ትችያለሽ። ብረትና ቆርቆሮው ላይ ግን ካሜራ ብቻውን አይበቃም። በአቅራቢያው የሚኖር ታማኝ ሰው ወይም ዘበኛ ከሌለ፣ አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ ሲጫን ታያለሽ እንጂ አትደርሺም። ሰው ካላገኘሽ ዕቃውን አስነሺው።

አሁን «ሠራተኛዋ ሳታውቅ» ወዳልሽው። ይህን አታድርጊ እህቴ።

የእናትሽ ቤት የእሷም ቤት ነው። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ራሷ ቤት አትሄድም። እዚያው ትተኛለች፣ እዚያው ጸጉሯን ትሠራለች፣ ማድ ቤት ቁጭ ብላ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች፣ አንዳንዴም ታለቅሳለች። ይህን ሁሉ ሳታውቅ አንቺና ወንድምሽ በስልካችሁ ስታዩት ይታይሽ። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ለሁሉም ሰው ይሰጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚያዝ የሚደነግግ ነው፤ የሰው ምስልም የግል መረጃው ነው።

ሕጉን ተይው፤ ለእናትሽም አይበጅም። የተደበቀ ካሜራ አንድ ቀን ይታያል። ሠራተኛዋ ስታገኘው ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ እናትሽ ብቻቸውን ይቀራሉ። የምትጠረጥሪበት ምክንያት ካለሽ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት። የሚያሳስብሽ እናትሽ ወድቀው እንዳይቀሩ ከሆነ ደግሞ ያ ተገቢ ጭንቀት ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቁት እናትሽ ራሳቸው ናቸው። ከተስማሙ ሳሎን ውስጥ አንድ ካሜራ ይቀመጥ፣ ሠራተኛዋም ትወቅ፣ ማንና መቼ እንደሚያየው ይነገራት፣ ድምፅ መቅረጫው ይዘጋ። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና የእሷ ክፍል በፍጹም። እናትሽ «ቤቴ ውስጥ ካሜራ አልፈልግም» ካሉ ነገሩ እዚያው ይቁም።

ለተከራዮቹም እንዲሁ ንገሪያቸው። የጀርባው ካሜራ ፓምፑን እንጂ የእነሱን በርና የልብስ መስጫቸውን አይይ። ቦታው ጠቦ የግድ ካየው መቅጃው ውስጥ የምስሉን ከፊል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አለ፤ ቴክኒሻኑ ያስተካክለው፤ ከዚያ ተከራዮቹን ጠርተሽ ስክሪኑ ላይ አሳዪያቸው። እነሱም የተሰረቀው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። በደስታ ከተቀበሉሽ ሌሊት ወንድምሽ ሲደውል የሚነሱልሽ እነሱ ናቸው።

ገንዘቡ በአንዴ ካልሞላልሽ በዚህ ወር ኢንተርኮሙንና የመኪናውን መብራት አስገጥሚ። ቀጥሎ ኬብሉ ለአራቱም ቦታ ይዘርጋ፣ መቅጃው ከዲስኩና ከባትሪው ጋር ይግባ፣ ካሜራው ግን በሩና መኪናው ጋ ሁለት ብቻ ይሁን። የቀሩት ሁለቱ ኋላ ይሰካሉ።

ለቴክኒሻኑ ቀሪውን ክፍያ በቀን አትስጪው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይምጣ። ኮፍያ አድርገሽ በትንሿ በር ግቢ፣ መኪናው አጠገብ ቁሚ፣ ፓምፑ ጋ ሂጂ። የተቀረጸውን መልሳችሁ ክፈቱት። ፊትሽ ካልታየ ካሜራው ዝቅ ይበል ወይም ይጠጋ። ከዚያ ብሬከሩን አውርጂና ቅጃው እንደቀጠለ እይ። ወንድምሽ ከሜሪላንድ ይክፈተው። በመጨረሻ ያንን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ አስገልብጪው፤ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ይዘሽ የምትሄጂው እሱን ነው። ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓትም አጣሪ። መቅጃው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ስለሆነ 03:00 የሚለው የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ቃል ስትሰጪ እንዳይምታታብሽ ሁለቱንም ጻፊ። ሁሉም ከሠራ ቀሪውን ክፈይው።